የመኪና መብራትና የሌሊት መንገደኛ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በፒያሳና በመርካቶ መካከል፣ አትክልት ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ለብዙ ዓመታት የከተማው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጎመን በጅምላ የሚራገፈው እዚያ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲመጣ፣ የሰው መጨናነቅ እንዲቀንስ ተብሎ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ተነሥቶ ሃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ። ገበያው ይሂድ እንጂ ስሙ አልሄደም። ሰፈሩን ሰው ዛሬም አትክልት ተራ ነው የሚለው።

አትክልት ተራን ያነሣነው ግን ስለ ገበያ ለማውራት አይደለም፤ ወደ ገበያው ስለሚወስደው መንገድ ነው። ገበያው የትም ይሁን የት፣ አትክልት በአብዛኛው የሚጓዘው ሌሊት ነው። ቲማቲም ፀሐይ አይችልም። ቸርቻሪውም የሚመጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ገዢው ከሄደ በኋላ የደረሰ ጭነት ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከቆቃ፣ ከሩቁም ከፎገራ የሚነሣው መኪና ሌሊቱን ሲነዳ ያድራል።

እንግዲህ አንድ የጭነት መኪና እናስብ። አይሱዙ ነው እንበል። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ተነሥቷል። አዲስ አበባ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበት። ሽንኩርቱን ያመረተው ገበሬ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። በዚያው መንገድ ዳር፣ ሞጆ ሳይደርስ፣ ሌላ ገበሬ ሁለት አህዮች እየነዳ ለነገው ገበያ ይጓዛል። ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ከወዲያ በኩል ደግሞ አንድ ባዶ መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ ይመጣል። ሁለቱ መኪናዎችና ባለ አህያው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያች ቅጽበት ነው።

ዓይን ብርሃንን እንዴት ይቀበላል?

በጠራራ ፀሐይ ውጪ ስትሠሩ ቆይታችሁ ወደ ጎጆ ስትገቡ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። መደቡ የት እንዳለ፣ እንስራው የት እንደተቀመጠ በዳበሳ ነው የምታውቁት። ቆየት ስትሉ ግን ቤቱ ይገለጥላችኋል። ቤቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ዓይናችሁ ነው።

ዓይን መሐል ያለችው ጥቁር ክብ ብሌን ትባላለች። ብሌን የብርሃን በር ናት። ብርሃን ሲበዛ ትጠባለች፤ ሲጨልም ትሰፋለች። ይህን በገዛ ዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ማታ ልጃችሁን ከፊታችሁ አስቀምጡና ኩራዙን ከጎን በኩል ቀረብ፣ ከዚያም ራቅ አድርጉ። ሲቀርብ ብሌኑ ሲጠብ፣ ሲርቅ ሲሰፋ ታያላችሁ። (ኩራዙን ለፊቱ በጣም አታስጠጉት፤ ልጅ ነውና ይደነግጣል።)

ይሁንና ሥራው ሁሉ የብሌን ብቻ አይደለም። በዓይን ውስጥ፣ ከጀርባ በኩል፣ ብርሃንን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። በዚህ ሽፋን ላይ በጨለማ ለማየት የሚያገለግል ንጥረ ነገር ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲበዛበት ያልቃል፤ ጨለማ ሲሆን ቀስ እያለ ይተካል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን የግማሽ ሰዓት ሥራ ግን አንድ ኃይለኛ መብራት በቅጽበት ሊያበላሸው ይችላል። ሰው ዓይኔን አጥበረበረኝ የሚለው ይህንን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኃይለኛ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሁሉም በቀጥታ አያልፍም፤ ከፊሉ ይበተናል። የተበተነው ብርሃን እንደ ጭጋግ ሆኖ ሌላውን ነገር ሁሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሾፌሩ መብራቱን አጥርቶ ያያል፤ በመብራቱ ዙሪያና ከመብራቱ ኋላ ያለው ግን ይጠፋበታል። አህያ ቢቆም፣ ሰው ቢያቋርጥ፣ ጋሪ ቢኖር ለእሱ የለም።

3 ሴኮንድ ስንት ሜትር ነው?

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 60 ኪሎ ሜትር 60,000 ሜትር ነው። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ አለው። 60,000 ለ3,600 ሲካፈል 17 ያህል ይሆናል። እንግዲህ መኪናው በየሴኮንዱ 17 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው።

የተጥበረበረ ዓይን እንደገና ማየት እስኪጀምር ጥቂት ሴኮንዶች ይወስድበታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ዓይን ደግሞ ከወጣቱ ይዘገያል። 3 ሴኮንድ ብቻ እንውሰድ። በ3 ሴኮንድ ውስጥ መኪናው 50 ሜትር ሄዷል። ነገ ጠዋት ማሳችሁ ላይ 60 ሰፋ ያለ እርምጃ ተራመዱና ወደ ኋላ ዞራችሁ ተመልከቱ። ያን ያህል መንገድ ነው አንድ የተጫነ መኪና ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚሄድ ሰው የሚነዳው። ከዚያ በኋላ ቢያይ እንኳ መኪና ባለበት ቀጥ አይልም። ሾፌሩ እስኪነቃ፣ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ፣ ጎማው እስኪይዝ ድረስ በዚሁ ፍጥነት ሌላ 40 ሜትርና ከዚያም በላይ ይነጉዳል።

ባለ አህያው ምን ያውቃል? ምን አያውቅም?

አሁን ወደ ባለ አህያው እንመለስ። ከፊትም ከኋላም የመኪና መብራት እየመጣበት ነው። መንገዱ በሙሉ በርቷል። የገዛ ጥላውን፣ የአህዮቹን ጆሮ፣ የአስፋልቱን ስንጥቅ ሳይቀር ያያል። ታዲያ ምን ያስባል? «እኔ ይሄን ሁሉ ካየሁ ሾፌሩም እኔን ያየኛል» ይላል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እሱ መብራቱን ከሩቅ ያያል፣ መብራት ብርሃን የሚረጭ ነገር ስለሆነ። ሾፌሩ ግን እሱን ሊያይ የሚችለው ብርሃኑ ሰውየው ላይ አርፎ ወደ ሾፌሩ ዓይን ሲመለስ ብቻ ነው። ጥቁር ካፖርት ብርሃንን ይውጣል እንጂ አይመልስም። ሰውየው መኪናውን ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ያያል። ሾፌሩ በአጭር መብራት ባለ ጥቁር ልብሱን የሚያየው ምናልባት 30 ሜትር ሲቀረው ነው። ከፊት የሚመጣ መብራት ካጥበረበረው ደግሞ እሱንም ላያይ ይችላል።

ስለዚህ በእግር ለሚሄድ ሰው ከሁሉ የከፋው ጊዜ ጨለማው አይደለም። ሁለት መኪናዎች እሱ ባለበት ቦታ ላይ ሲተላለፉ ነው። መንገዱ ከመቼውም የበለጠ የበራው ያኔ ነው፤ ሰውየውም ከመቼውም በበለጠ የማይታየው ያኔ ነው። ይህን በደንብ ልብ በሉ፤ በብዙ ቦታ ሰው የሚያውቀው የተገላቢጦሹን ነው።

ምን ይደረግ? ሁለት መብራት ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ ካያችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ። ቁሙ። መኪናዎቹ ከተላለፉ በኋላም ወዲያው አትግቡ። የሾፌሩ ዓይን ገና አልተመለሰም፤ የእናንተም ቢሆን። ቀስ ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ሌላ መብራት የሌለው ጋሪ ወይም ብስክሌት ከኋላ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ለማየት የራሳችሁ ዓይን መመለስ አለበት።

በሀገራችን መኪና ቀኙን ይዞ መንዳት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በግራ ነበር የሚነዳው። መኪና በቀኝ ስለሚሄድ እግረኛ ግራውን ይዞ ይሂድ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ግራ ጠርዝ ይዛችሁ ስትሄዱ ቅርባችሁ የሚያልፈው መኪና ከፊት ይመጣል፤ ታዩታላችሁ፣ ትሸሹለታላችሁ። የእኛ ባለ አህያ ግን ቀኙን ይዞ፣ ለሽንኩርቱ መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው።

ልብስም ሰው ያድናል። ነጭ ነጠላ ወይም ንጹሕ ጋቢ ከጥቁር ካፖርት በእጥፍ ርቀት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታያል። ብርድ ነው ካላችሁ ካፖርቱን ልበሱና ነጠላውን ከላይ ጣል አድርጉት። የእጅ ባትሪ ያለው ሰው ወደ እግሩና ወደ ልብሱ ያብራ፤ ወደ ሾፌሩ ፊት አያብራ። ሾፌሩን ማጥበርበር ራስን መጉዳት ነው።

ስለ እንስሳ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የአህያ፣ የበሬ፣ የፍየል፣ የጅብም ዓይን በመኪና መብራት ሲበራበት ቦግ ይላል። ከዓይናቸው ጀርባ እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላላቸው ነው። የሰው ዓይን ይህ የለውም። ስለዚህ ወደ መኪናው የዞረች አህያ ከጌታዋ ቀድማ ልትታይ ትችላለች። ጀርባዋን ከሰጠች ግን ዳሌዋ አያበራም። እንስሳ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ከሆኑ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ባትሪ ቢይዝ ጥሩ ነው። ባለ ጋሪም ከጋሪው ኋላ ፋኖስ ይስቀል። ለመኪና የሚለጠፈውን ቀይ አንጸባራቂ ከኋላው ቢለጥፍ ደግሞ ጋዝ አይጨርስበትም፤ መብራት ባረፈበት ቁጥር ራሱ ይበራል።

የጭነቱ ነገር

ይህን ክፍል ሽንኩርት የሚጭን ገበሬ ሁሉ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። መብራት የሾፌር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም።

የመኪና አጭር መብራት ሲሠራ ወደ መሬት ዘንበል ተደርጎ ነው። ብርሃኑ ከመኪናው ፊት ያለውን አስፋልት እንዲያሳይ፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ግን እንዳይወጋ ታስቦ ነው። አሁን መኪናውን ከኋላ በኩል ከልክ በላይ ጫኑት። ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። መብራቱም አብሮ ቀና ይላል። ሾፌሩ አጭር መብራት አብርቶም ከፊት የሚመጣውን ያጥበረብራል። «አውርድ እንጂ!» ብለው መብራት ብልጭ ያደርጉበታል። እሱ ደግሞ «አውርጃለሁ እኮ!» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ሃያ ጆንያ ትርፍ ሲጫን የሚጎዳው ጎማውና ፍሬኑ ብቻ አይደለም። ጭነቱ ልኩን ይጠብቅ። ከባዱ ጆንያ ወደ ኋላ ጫፍ አይከመር፤ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ በእኩል ይደልደል። ጫኝና አውራጅ ይህን ያውቀዋል፤ የሚያስቸኩለው ብዙ ጊዜ ባለ ጭነቱና ደላላው ነው። ሸራውና ገመዱ ተንጠልጥሎ የኋላ መብራቱን እንዳይሸፍንም ዞር ብሎ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መብራቱ ራሱም ከተገዛበት ሀገር ጋር ይያያዛል። ቀኝ ለሚነዳበት ሀገር የተሠራ መብራት በቀኝ በኩል፣ ማለት በመንገዱ ዳር፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ያበራል። እግረኛውን እንዲያሳይ ነው። እንደ ጃፓን በግራ ለሚነዳበት ሀገር የተሠራው ግን ከፍ የሚለው በግራ ነው። መሪው ተቀይሮ መብራቱ ካልተቀየረ፣ የእኛ መንገድ ላይ በቀጥታ የሚያበራው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው። ለቢጫ አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ አዲሱን ነጭ ኃይለኛ አምፖል የሚከቱም አሉ። ብርሃኑ በረታ ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ብርሃኑ ግን ቦታውን ስቶ በየአቅጣጫው ይበተናል።

ጋቢና ውስጥ

ከገበሬዎች ልጆች ሾፌርና ረዳት የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚሄድ ባለ ጭነትም ሾፌሩን ሊረዳ ይችላል።

መጀመሪያ መስታወቱ ይጽዳ። አቧራ፣ የተቀጠቀጠ ትንኝ፣ የሲጋራ ጭስ የሚተወው ቅባት፣ በዝናብ መጥረጊያ የተጫረ መስመር፣ ሁሉም ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ይበትናሉ። ቀን የማይታይ ጭረት ሌሊት እንደ ሸረሪት ድር ያበራል። መስታወቱን ከውጪ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ያስፈልጋል። የመብራቱም መስታወት እንዲሁ። የጋቢናው መብራት በጉዞ ላይ አይብራ። ባለ ጭነቱ ብር ለመቁጠር ከፈለገ ሞጆ ሲደርሱ ይቁጠር።

መብራት ከፊት ሲመጣ ሾፌሩ መብራቱን ማየት የለበትም። ዓይኑን ወደ ቀኝ፣ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ያድርግ፤ ነጭ መስመር ካለ መስመሩን ይከተል። እግሩን ከነዳጁ ላይ ያንሣ። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመጥበርበር በፊት ነው፤ ከተጥበረበሩ በኋላ መቀነስ ዘግይቷል። ጨርሶ ካልታየው ቀስ ብሎ ዳር ይዞ ይቁም። በመታጠፊያ ላይ፣ ለምሳሌ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው የዓባይ በረሃ መንገድ፣ የመኪናው መብራት ሳይደርስ ወገግታው ገደሉ ላይ ይታያል። ብልህ ሾፌር መብራቱን የሚያወርደው ያኔ ነው፤ ፊት ለፊት እስኪፋጠጡ አይጠብቅም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን እልኩ ነው። «እሱ ካላወረደ እኔም አላወርድም» ይባላል። አንዱ ብልጭ ያደርጋል፣ ሌላው ረጅሙን ይለቅበታል፣ ይሄም መልሶ ይለቅበታል። አንድ ሾፌር ያላየበት መንገድ በእልህ ሁለት ሾፌሮች ያላዩበት መንገድ ይሆናል። ለዚያውም ሁለቱ እየተቀራረቡ ነው። አንዴ ብልጭ አድርጎ ማስታወስ ይበቃል። ካልሰማ የራስን መብራት አውርዶ፣ ፍጥነት ቀንሶ ማሳለፍ ነው። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሂያጁና መጪው መሐሉ ስለተከፈለ፣ እግረኛና እንስሳም ስለማይገባበት ችግሩ ይቀንሳል። አብዛኛው መንገዳችን ግን እንደዚያ አይደለም፤ ፊት ለፊት መተላለፍ አለ።

እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ጫት የሚቅሙ ሾፌሮች አንድ ነገር ይወቁ። ጫት ብሌንን ያሰፋል። የሰፋ በር ብርሃን በብዛት ያስገባል። ነቅቻለሁ የሚለው ሾፌር በመብራት ከሌላው ይበልጥ ይጥበረበራል።

መኪና ሲበላሽ መንገድ ላይ ድንጋይና ቅጠል ይደረጋል። ቅጠል በሌሊት አይበራም፤ የተጥበረበረ ሾፌር ደግሞ ድንጋዩን የሚያየው ጎማው ሲነካው ነው። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ምልክት ራቅ ተደርጎ ከኋላ ይቀመጥ። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድም ድንጋዩ ይነሣ! ይህን ሳይነግሩን ልናውቀው የሚገባ ነገር ነበር፤ ሆኖም በየመንገዱ ተትቶ ያድራል።

ዳፍንትና ሌሎች የዓይን ሕመሞች

ሁሉም ዓይን እኩል አይጥበረበርም። ሲመሽ ማየት የሚያቅተው ሰው ዳፍንት ይዞታል እንላለን። ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ቫይታሚን ኤ የሚባለው ነገር በሰውነት ውስጥ ሲጎድል ነው። ቀደም ብለን ያነሣነው በጨለማ የሚያሳየን ንጥረ ነገር የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ካሮት፣ ጎመን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካንማው ስኳር ድንች፣ እንቁላልና ጉበት ይህን ይሰጣሉ። ካሮት አምርቶ ሁሉንም ለአዲስ አበባ ገበያ ጭኖ ልጆቹን ሽሮ ብቻ የሚያበላ ገበሬ አለ፤ ከጆንያው ጥቂቱን ቤት ቢያስቀር አይከስርም።

የዓይን ሞራ ያለበት ሰው በሌሊት መብራት ዙሪያ ትልቅ ክብ ይታየዋል፤ በጣምም ይጥበረበራል። ትራኮማ በሀገራችን፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ብዙ ሰው ያጠቃ በሽታ ነው። ሲብስ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይንን ፊት ይፍቃል። የተፋቀ ዓይን እንደተጫረ የመኪና መስታወት ብርሃንን ይበትናል። ለዓይን ሞራም ለታጠፈ ሽፋሽፍትም ሕክምና አለ። ሌሊት መብራት ከወትሮው የበለጠ የሚወጋው ሰው፣ ሾፌር ይሁን ባለ አህያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ።

ተወያዩበት

በቀበሌያችሁ ሌሊት ሰውና እንስሳ የሚያቋርጡት የመኪና መንገድ የትኛው ቦታ ላይ ነው? መታጠፊያ አለው? ከመንደራችሁ ወደ ገበያ ሌሊት ከሚነሡት መካከል ነጭ የሚለብሱት ስንት ናቸው? ጋሪ ካላቸው ጎረቤቶቻችሁ ከኋላ ፋኖስ ወይም አንጸባራቂ ያለው ማነው? የመጨረሻውን ጭነታችሁን ስትጭኑ የመኪናው አፍንጫ ቀና ብሎ ነበር?